ስኬማቲኩ ከአንድ ገጽ ሲያልፍ ሲግናሉ ወዴት ሄደ?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ነገር ላይ ያርፋሉ። ንድፉ ገጽ በገጽ ሲበዛ፣ አንድ ሲግናል ከገጽ 2 ተነስቶ ገጽ 7 ላይ ብቅ ሲል፣ ያንን መስመር ሰው እንዴት ይከተለዋል? ትምህርት ቤት የምንስለው ሰርኪዩት አንድ ገጽ ላይ ያልቃል። ሥራ ላይ ስንገባ ግን በአንድ ገጽ የሚያልቅ ቦርድ እምብዛም አይገጥመንም፤ ገጽን ከገጽ ስለማገናኘት ደግሞ ቁጭ ብሎ ያስተማረን ሰው የለም። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ ሙሉውን ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ።

አብዛኞቻችሁ የምትሠሩት በኪካድ ስለሆነ መልሴም በእሱ ዙሪያ ነው። ለማታውቁት፣ ኪካድ በነጻ የሚወርድ የስኬማቲክ (የሰርኪዩት ንድፍ) እና የፒሲቢ (የሰርኪዩት ቦርድ) መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። ዣን ፒየር ሻራስ የተባሉ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1992 ጀመሩት። ከ2013 ወዲህ ደግሞ ጄኔቭ አጠገብ ያለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሰርን ስላገዘው ብዙ አድጓል። ፈቃድ የመግዛት አቅም ለሌለው ተማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ የሶላር ቻርጀር መቆጣጠሪያ ነው። ስኬማቲኩ 9 ገጽ ሆነብኝ። ገጾቹን በግሎባል ሌብል አገናኘኋቸው፤ ሶፍትዌሩም ስሕተት የለውም ይለኛል። አማካሪዬ ግን የታተመውን ወረቀት አገላብጠው «ይሄ መስመር ወዴት ነው የሚሄደው? ዘጠኙንም ገጽ ልፈልግልህ ነው እንዴ?» አሉኝ። ምን ላድርግ? (ተመራቂ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አማካሪህ እውነታቸውን ነው። ሶፍትዌሩም አልዋሸህም። ግሎባል ሌብል መስመር ጫፍ ላይ የሚለጠፍ ስም ነው። ሁለት ግሎባል ሌብሎች ስማቸው አንድ ከሆነ ኪካድ ያገናኛቸዋል፤ አንዱ ገጽ 2 ሌላው ገጽ 9 ላይ ቢሆን ግድ የለውም። አንተም ስክሪን ላይ መስመሩን ሃይላይት አድርገህ ታገኘዋለህ። እሳቸው እጅ ላይ ያለው ግን ወረቀት ነው፤ ወረቀት ላይ ደግሞ ሃይላይት የለም።

ነገ ቦርዱን የሚፈትሸውን ቴክኒሻን አስበው። በአንድ እጁ የቴስተሩን ዘንግ ቺፑ እግር ላይ ይዟል። በሌላው እጁ ወረቀቱን ይገልጣል። ዓይኑን ሲያነሳ ሌብሉ ጫፍ ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ እንዲነግረው ይፈልጋል፦ ቀጥሎ የትኛውን ገጽ ልክፈት? ያንን ካልነገረው ሌብሉ ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

መፍትሔው ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ኪካድ 6 ከወጣ ወዲህ የገጽ ማመላከቻ ውስጡ አለ፤ ችግሩ አዲስ ፕሮጀክት ስትጀምር ተዘግቶ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ብዙ ሰው መኖሩንም ሳያውቅ ዓመታት ይሠራል። ከፋይል ሜኑ «ስኬማቲክ ሴትአፕ»ን ክፈት። «ፎርማቲንግ» ውስጥ ግባ። «ሾው ኢንተርሺት ሪፈረንስስ» የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት አድርግ። በቃ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ግሎባል ሌብል ጎን በቅንፍ ውስጥ ያ ስም የሚገኝባቸው ገጾች ቁጥር ይመጣል። ገጽ 2 ላይ ያለው ሌብል ጎን 5 እና 7 ተጽፎ ካየህ፣ መስመሩ ገጽ 5 እና ገጽ 7 ላይም አለ ማለት ነው።

እዚያው ሳጥኑ አጠገብ የራስን ገጽ የሚያሳይ ሌላ ምርጫ አለ። እሱን አትክፈተው። ገጽ 2 ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሰው «ገጽ 2 ላይ ነህ» ብሎ መንገር ቦታ ማባከን ነው።

አሁን ቁጥሩ ትርጉም እንዲኖረው የገጾቹን ቁጥር ራስህ አስተካክል። ኪካድ ገጾቹን በፈጠርክበት ቅደም ተከተል ሊቆጥራቸው ይችላል፤ ያ ደግሞ አንተ ስትሠራ የመጣልህ ሐሳብ ቅደም ተከተል እንጂ የአንባቢው አይደለም። ላይኛው ገጽ ላይ እያንዳንዱን ገጽ የሚወክል ሳጥን አለ፤ እሱ ላይ ራይት ክሊክ አድርገህ ቁጥሩን መቀየር ትችላለህ። ፓወሩ መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ማይክሮኮንትሮለሩ፣ ከዚያ ሴንሰሩ፣ መጨረሻ ላይ ኮኔክተሮቹ፣ እንዲህ ብታደርገው አማካሪህ በሁለተኛው ንባብ ቁጥሩን ሳያዩ ራሱ ገጹን ያስታውሱታል።

አንድ የሚጎድለው ነገር አለ፣ እሱንም ልንገርህ። የኪካድ ማመላከቻ ገጹን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ገጹ ላይ የት እንዳለ አይናገርም። አልቲየም በሚባለው ሌላ የንድፍ ሶፍትዌር ላይ ለምሳሌ የፖርቱ (ገጽን ከገጽ የሚያገናኘው ምልክት) ማመላከቻ ከገጹ በተጨማሪ የፍሬሙን ቁጥርና ፊደል ጭምር ሊያወጣ ይችላል፤ ልክ የከተማ ካርታ ጠርዝ ላይ እንዳሉት። ኪካድም የወረቀቱን ጠርዝ በፊደልና በቁጥር ከፋፍሎ ይስለዋል፤ ማመላከቻው ውስጥ ግን አያስገባውም። ይሄ ቢጨመርልን ከልቤ ደስ ይለኛል። በኤ3 ወረቀት ላይ ሠላሳ ሌብል ሲኖር ገጹን ማወቅ ብቻውን አይበቃም።

እስከዚያው በአቀማመጥ ማካካስ ይቻላል፣ እኔም የማደርገው ይሄንኑ ነው። ከገጹ የሚወጣ ወይም ወደ ገጹ የሚገባ ሌብልን በሙሉ ወደ ጠርዝ አውጣው። የሚገባው በግራ፣ የሚወጣው በቀኝ። መሐል ላይ ቺፑ እግር ሥር የተለጠፈ ግሎባል ሌብል አይኑር። ይሄን ካደረግህ አንባቢው ገጽ 7ን ገልጦ ሁለቱን ጠርዞች ብቻ ከላይ ወደ ታች ይቃኛል፤ ከአምስት ሰከንድ በላይ አይፈጅበትም። መስመሮቹን ወደ ጠርዝ መሳብ መጀመሪያ ላይ አድካሚ ይመስላል፣ ገጹም የተጨናነቀ ይመስልሃል። ከተጨናነቀ ግን ገጹ ራሱ ብዙ ነገር ይዟል ማለት ነውና ለሁለት ክፈለው።

የሌብሉን ቅርጽም አትርሳ። ግሎባል ሌብል የገቢ፣ የወጪ፣ የሁለት አቅጣጫና ሌሎችም ቅርጾች አሉት። ቅርጹ ግንኙነቱን አይቀይርም፤ ለዓይን ነው። ለዓይን ስለሆነ ነው መስተካከል ያለበት። ቀስቱ ወደ ውስጥ እያመለከተ ሲግናሉ ወደ ውጪ የሚሄድ ከሆነ አንባቢውን ወደ ተሳሳተ ቦታ ልከኸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የገጽ ማመላከቻውን ከከፈትኩ በኋላ አንዳንዱ ሌብል ጎን ያለው ቁጥር ከሌብሉ ራሱ ረዘመ። የ3.3 ቮልቱ አሥራ አራት ገጽ ይዘረዝራል። ሌላው ምልክት ላይ እየወጣ ያበላሸዋል። ማሳጠሪያውን ብጠቀም ይሻላል? (የሃርድዌር መሐንዲስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ማሳጠሪያውን ከመንካትሽ በፊት 3.3 ቮልቱን ከግሎባል ሌብል አውጪው። ፓወርና ግራውንድ የራሳቸው የፓወር ምልክት አላቸው፤ በእሱ ቀይሪያቸው። የፓወር ምልክት በሁሉም ገጽ ላይ ይገናኛል፣ የገጽ ቁጥርም አያወጣም። ደግሞም ማንም ሰው «3.3 ቮልት ሌላ የት ገጽ ላይ አለ?» ብሎ አይፈልግም። የሚፈልገው «ከየት ነው የሚመነጨው?» የሚለውን ነው። ለዚያ ሬጉሌተሩ ያለበት ገጽ ላይ በጉልህ ጽሑፍ መናገር ይበቃል። እኔ ሁሉንም የፓወር መስመር ገጽ 2 ላይ ነው የምሠራው፤ ቦርዱ ቢቀያየርም ይሄን አልቀይረውም።

ማሳጠሪያውን በተመለከተ ጠንቀቅ በይ። አጭሩ አጻጻፍ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ጽፎ በመሐላቸው ሁለት ነጥብ ያደርጋል። ሲግናሉ ገጽ 3፣ 4 እና 12 ላይ ብቻ ቢኖርም «ከ3 እስከ 12» የሚል ነገር ታያለሽ። አንባቢው ደግሞ ከ5 እስከ 11 ያሉትን ሰባት ገጾች በከንቱ ይፈትሻል። ለእኔ ይሄ ማሳጠር አይደለም፣ መረጃውን ማጥፋት ነው። ረጅሙን ተይው።

ፓወሩ ከወጣ በኋላም የሚረዝም ካለ ሲግናሉን ራሱን ጠይቂው። አይ ስኩዌርድ ሲ መስመር (ብዙ ቺፖች በጋራ የሚነጋገሩበት) ስድስት ገጽ ላይ ካለ ምናልባት ትክክለኛ ነው፤ ስድስት ቺፕ እየነካ ነው። አንድ ተራ የኢኔብል ሲግናል (አንድን ክፍል የሚያበራና የሚያጠፋ) ስድስት ገጽ ላይ ካለ ግን የገጽ አከፋፈልሽ ላይ ችግር አለ። አብሮ የሚሠራ ነገር አብሮ አልተቀመጠም ማለት ነው። እንዲያ ሲሆን ቁጥሩን ለማሳጠር ከመታገል ሁለት ገጽ አዋህዶ እንደገና መከፋፈል ይሻላል። ቦታው ለጠበበው ደግሞ ቁጥሩ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሆነ ለብቻው ይዘሽ ከሌብሉ በላይ ወይም በታች ማዞር ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ አራት ሞተር የሚነዳ ቦርድ ሠራሁ። የአንዱን ሞተር ሰርኪዩት በአንድ ገጽ ስዬ ያንኑ ገጽ አራት ጊዜ ተጠቀምኩበት። ቦርዱ ተሠርቶ ሲመጣ አንዱን ሞተር ሳዝ አራቱም ይዞራሉ። ስኬማቲኩን ደጋግሜ አየሁት፣ ምንም አላገኘሁም። (ከአዳማ)

መልስ፦ አይዞህ፣ ገጽ ደግሞ መጠቀም የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ እዚሁ ነው የሚሰናከለው። የሞተሩ ገጽ ውስጥ የትእዛዙን ሲግናል በግሎባል ሌብል ጽፈኸዋል፣ አይደል? ግሎባል ሌብል ስሙ አንድ ከሆነ የትም ቦታ ይገናኛል። ገጹ አራት ጊዜ ሲደገም ሌብሉም አራት ጊዜ ተደገመ፤ አራቱም ስማቸው አንድ ስለሆነ አንድ መስመር ሆኑ። ሶፍትዌሩ ያልከውን ነው ያደረገው።

የሚደጋገም ገጽ ውስጥ ግሎባል ሌብል ሊኖር የሚገባው ሁሉም ገጽ በእርግጥ በጋራ ለሚጠቀመው ነገር ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ሁሉንም ሞተር በአንዴ የሚያቆም የአደጋ ጊዜ ሲግናል። ለሌላው ሁሉ ሃይራርኪካል ሌብል ተጠቀም። ይሄኛው ሌብል ከገጹ የሚወጣው በላይኛው ገጽ ላይ ባለው ሳጥን ጠርዝ በኩል፣ በፒን ነው። ስለዚህ አራቱ ሳጥኖች አራት የተለያዩ ፒኖች ይኖሯቸዋል፣ አንተም እያንዳንዱን ፒን ማይክሮኮንትሮለሩ ላይ ወደየራሱ እግር ትወስደዋለህ።

እዚህ ላይ ግን ሌላ ችግር ይመጣል። ኪካድ የገጽ ቁጥር የሚያወጣው ለግሎባል ሌብል ነው። ሃይራርኪካል ሌብል ጎን ምንም ቁጥር አይመጣም። አመክንዮው ይገባኛል፤ መስመሩ ወደ ላይኛው ገጽ እንጂ ወደ ሌላ አይሄድም። ወረቀቱን የያዘው ሰው ግን «ላይኛው ገጽ» የትኛው እንደሆነ በምን ይወቅ? በተለይ ሦስት ደረጃ ወደ ታች ከወረደ በኋላ?

ሁለት ነገር አድርግ። መጀመሪያ ላይኛውን ገጽ ካርታ አድርገው። ሳጥኖቹ ብቻ ይኑሩበት፤ ሬዚስተርም ካፓሲተርም አይኑርበት። እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ያለው ገጽ ቁጥር በጉልህ ይጻፍ። መስመሮቹ ከሳጥን ሳጥን ሲሄዱ በዓይን ይታዩ። እንዲህ ከሆነ አንባቢው ማንኛውም ታችኛው ገጽ ላይ ግራ ሲገባው ወደ ገጽ 1 ይመለሳል፣ ከዚያ መንገዱን ያገኛል።

ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ከወጣው ኪካድ 7 ጀምሮ ተራ ጽሑፍ ላይ ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ሊንክ ማስገባት ይቻላል። የገጹ ጥግ ላይ «ወደ ገጽ 1» ብለህ ጽፈህ ሊንኩን ስጠው። ስክሪን ላይ የሚሠራ ሰው ይጫነዋል፤ ወረቀት ላይ ያለውም ያነበዋል። አንድ አደጋ አለው፦ ይሄን ጽሑፍ በእጅህ ነው የጻፍከው። የገጽ ቁጥር ስትቀይር እሱ አብሮ አይቀየርም። የተሳሳተ ማመላከቻ ደግሞ ካልተጻፈው የባሰ ነው፤ ያልተጻፈውን ሰው ይፈልገዋል፣ የተሳሳተውን ግን ያምነዋል። ስለዚህ በእጅ የሚጻፈውን አሳንሰው። ለገጽ 1 ብቻ አድርገው፣ የእሱ ቁጥር አይቀየርምና።

የተሠራውን ቦርድ ለማዳን ደግሞ፣ የትእዛዙ መስመር ፒሲቢው ላይ በየሞተሩ የሚከፋፈልበትን ቦታ ፈልገህ በስለት ቁረጠው፣ ከዚያ ከማይክሮኮንትሮለሩ ነጻ እግሮች በቀጭን ሽቦ በየራሱ በየድ። አያምርም፣ ግን ፕሮግራሙን ለመሞከር ይበቃል።

ጥያቄ፦ እኔ ንድፍ የምሠራ ሰው አይደለሁም። መርካቶ አካባቢ ላፕቶፕና ሞባይል ስጠግን ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው። በፊት በልምድ ነበር፣ አሁን ወጣቶቹ ስኬማቲክ አውርደው ይሠራሉ፣ እኔም ጀምሬያለሁ። ቀስቶቹ ጎን ያሉት ቁጥሮች ምን ማለት ናቸው? አንዳንዴ ቁጥሩ ወዳለው ገጽ ስሄድ ሲግናሉን አላገኘውም። (የጥገና ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎን በጣም ወድጄዋለሁ። እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ለእርስዎ ዓይነቱ አንባቢ ተብሎ ነው።

ቁጥሮቹ ያ ሲግናል የሚገኝባቸው ገጾች ናቸው። ቅንፍ ውስጥ 7፣ 21፣ 34 ካለ መስመሩ እነዚያ ገጾች ላይ ይቀጥላል። ከቁጥሩ ጋር ፊደል ካለበት ደግሞ ፊደሉና ቁጥሩ የገጹን ፍሬም ክፍል ያመለክታሉ፤ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ከላይና ከጎን ያሉትን ፊደሎችና ቁጥሮች ያገናኟቸው፣ መስመሩ እዚያ አራት ማዕዘን ውስጥ ነው።

ሄደው የሚያጡት በብዙ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ዋናው ይሄ ይመስለኛል፦ የፒዲኤፍ ማንበቢያው የሚያሳየው የገጽ ቁጥርና ንድፉ ላይ የታተመው የገጽ ቁጥር አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ሽፋን ተጨምሮ ከሆነ ሁሉም በአንድ ይዛባል። ስለዚህ የማንበቢያውን ቁጥር ትተው በገጹ ቀኝ ታችኛ ጥግ ሠንጠረዥ ውስጥ የተጻፈውን ይመልከቱ። ማመላከቻው የሚናገረው ስለዚያ ቁጥር ነው።

ሌላው ስም መቀየሩ ነው። መስመሩ በአንድ ሬዚስተር ውስጥ ካለፈ፣ ሬዚስተሩ ዜሮ ኦም ቢሆን እንኳ፣ ከወዲያኛው ጫፍ ስሙ ሌላ ነው። ለሶፍትዌሩ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ናቸው፤ ለኤሌክትሪኩ ግን መንገዱ ያው ነው። የገጽ ቁጥሮቹም እዚያ ላይ ይቋረጣሉ። እንዲህ ሲገጥምዎት አዲሱን ስም ይዘው እንደገና ይጀምሩ። ሬዚስተሩ ጎን «ዲኤንፒ» የሚል ካለ ደግሞ ቦርዱ ላይ አልተገጠመም ማለት ነው፤ መስመሩ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው። እሱን በቴስተር ሲፈልጉ አይዋሉ።

ለምሳሌ ላፕቶፑ ፓወር በተኑ ሲነካ ዝም ካለ፣ የበተኑ ሲግናል መጀመሪያ ኢምቤድድ ኮንትሮለሩ (የላፕቶፑን መብራትና መጥፋት የሚቆጣጠረው ቺፕ) ጋ ይገባል። ኮንትሮለሩ ደግሞ በሌላ ስም ሌላ ሲግናል ወደ ቺፕሴቱ ይልካል። እዚህ ላይ አንድ መስመር ሳይሆን ሁለት መስመር ነው የሚከተሉት፣ በመሐል ያለው ቺፕ ነው። በተኑን ሲነኩ የመጀመሪያው ሲቀያየር ካዩና ሁለተኛው ካልተነቃነቀ፣ ፍለጋዎን ኮንትሮለሩ ዙሪያ ያድርጉት፤ መጀመሪያ የራሱ ቮልቴጅ መኖሩን ይለኩ።

ስሙ ላይ ከበላይ መስመር የተሰመረበት ሲግናል ካዩ ሥራውን የሚሠራው ወደ ዜሮ ሲወርድ ነው። አንዳንዱ ንድፍ በመስመሩ ፋንታ ስሙ መጨረሻ ላይ የሃሽ ምልክት ያደርጋል፤ ትርጉሙ ያው ነው። 3.3 ቮልት ለክተው «ሪሴት ተጭኖበታል» እንዳይሉ፤ እንዲያውም ተለቋል ማለት ነው።

በመጨረሻ ቦርዱ ላይ የታተመውን የሪቪዥን ቁጥር ከስኬማቲኩ ጋር ያስተያዩ። ሞዴሉ አንድ ሆኖ ሪቪዥኑ ከተለያየ መስመሮቹም ሊለያዩ ይችላሉ። ማመላከቻው ትክክል ሆኖ ቦርዱ ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ ሁለት ሆነን አንድ ንድፍ እንሠራለን። ጓደኛዬ የሌብል ስም ቀየረ፣ ግንኙነቱ ተቋረጠ፣ ማንም አላስተዋለም። በዚያ ላይ የጂፒኤሱ ቲኤክስ ከማይክሮኮንትሮለሩ ቲኤክስ ጋር ተገናኝቶ አገኘነው። ስም አወጣጥ ላይ ሕግ አለ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ይሄ በራሴም ደርሷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ገጽ 4 ላይ የአንድ ሌብል ስም አስተካከልኩ፣ ገጽ 8 ላይ ያለውን ረሳሁት። ሶፍትዌሩ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ግን ችላ ያልኳቸው ብዙ ሌሎች መሐል ተቀብሮ ነበር። ሃያ ቦርድ ተሠርቶ መጣ። ሃያውም ላይ በእጄ ሽቦ በየድኩ። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ ሕግ ፍተሻውን፣ ኢአርሲ የሚሉትን፣ ማስጠንቀቂያው ዜሮ እስኪሆን ድረስ አልላቀቀውም። ኪካድ ብቻውን የቀረ ግሎባል ሌብል ሲያይ ሊናገር ይችላል፤ በአዳዲሶቹ ቨርዥኖች ግን ይሄ ፍተሻ ተዘግቶ ሊመጣ ስለሚችል መብራቱን አረጋግጡ። በትልቅና በትንሽ የላቲን ፊደል ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞች ሲያይም ይናገራል። እነዚህ ሁለቱ ብዙ ቦርድ ያድናሉ።

የገጽ ማመላከቻውም እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከሌላ ገጽ ጋር መገናኘት ያለበት ሌብል ጎን የገጽ ቁጥር ከሌለ ተቋርጧል። ከማሳተማችሁ በፊት አንዳችሁ የሌላችሁን ገጾች ይዛችሁ ጠርዞቹን ብቻ እዩ፤ ቁጥር የሌለው ሌብል ዓይን ውስጥ ይገባል። ስም ስትቀይሩ ደግሞ በእጅ አትቀይሩ። «ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ»ን ተጠቀሙ፣ ያላችሁበትን ገጽ ብቻ የሚለውን ምርጫ አጥፉ፣ ሙሉ ቃል የሚለውን አብሩ፤ ያለዚያ አጭር ስም ስትቀይሩ በውስጡ ያ ስም ያለበትን ረጅም ስም ሁሉ አብሮ ይቀይረዋል።

ቲኤክስና (መላኪያው) አርኤክስን (መቀበያውን) በተመለከተ የእኔ ሕግ አጭር ነው። ሌብል ላይ ብቻቸውን አይጻፉ። ለጂፒኤሱ ቲኤክስ የሆነው ለማይክሮኮንትሮለሩ አርኤክስ ነው፤ ስሙ እንደቆሙበት ጎን ይለዋወጣል። ከዚያ ይልቅ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ጻፉት፦ «ከጂፒኤስ ወደ ማይክሮ»፣ «ከማይክሮ ወደ ጂፒኤስ»። ትንሽ ይረዝማል። ግን ማንም ከየትኛውም ገጽ ቢያነበው ትርጉሙ አይገለበጥም፣ ጎኑ ካለው የገጽ ቁጥር ጋር ሲደመር ደግሞ ሙሉ አድራሻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ስኬማቲክ ላይ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል? ሌብሉንስ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ማብራሪያውን አዎ፣ ሌብሉን ግን አልመክርሽም። ከላይ ለሐዋሳዎቹ ስሙን በአማርኛ የጻፍኩት ሐሳቡ እንዲገባ ነው፤ ንድፉ ላይ በላቲን ፊደል ያድርጉት። የሲግናል ስም ከስኬማቲኩ ወጥቶ ወደ ሌሎች ሶፍትዌሮችና ወደ ፋብሪካ ፋይሎች ይሄዳል፤ በመንገድ ላይ አንዱ ፕሮግራም ፊደሉን ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ ለስም ላቲን፣ ለገለጻ አማርኛ። ከኪካድ 7 ጀምሮ ለማንኛውም ጽሑፍ ኮምፒውተርሽ ላይ ያለውን ፎንት መምረጥ ይቻላል፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ ይገኛል። «ይህ መስመር ባትሪው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ቻርጁን ያቋርጣል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሌብሉ ሥር ቢጻፍ፣ እዚያው አገር ቤት ለሚጠግነው ሰው ከብዙ ምልክት ይበልጥበታል። ፋይሉን ለሌላ ሰው ስትልኪ ኪካድ 9 ላይ ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ የሚያስገባ ምርጫ አለ፣ እሱን አብሪው። ቆየት ባለው ኪካድ የምትሠሪ ከሆነ የፎንቱን ፋይል አብረሽ ላኪለት።